ድምጿ ከሥራ አልወጣም

የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር መለዋወጫ በሚሸጠው ድርጅት ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለሌላው ሁሉ «ሃሎዬ» ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የድርጅቱን ስልክ ስታነሳና ወደየክፍሉ ስታዞር ኖራለች። ክፍሏ በር እንጂ መስኮት አልነበራትም። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ «ሃሎዬ ስታስነጥስ ይማርሽ የሚላት ግድግዳው ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ማዞሪያ ላይ መቀመጥ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል፤ ስልክ ይጮኻል፣ ይነሳል፣ ይዞራል፣ በቃ። እሷ ግን ደዋዩን ገና ከአተነፋፈሱ ትለየው ነበር። «ያቺ ክብ ነገር እንደ ድመት ታለቅሳለች» የሚል ሰው ሲደውል የሞተሩ ኩሽኔታ መበላቱን ታውቃለች፤ ቁጥሩን ጠይቃ፣ መጋዘን ውስጥ መኖሩን አጣርታ ነው ወደ ሽያጭ የምታሳልፈው። ሊሳደብ የደወለ ሰው እሷ ጋ ሲደርስ የስድቡን ግማሽ ይረሳዋል፤ የቀረውን እሷ ትውጥና ለጥገና ክፍሉ፣ «ሰውየው ተቸግሮ ነው፣ ቶሎ ድረሱለት» ብላ ታስተላልፋለች። በጆሮዋ እሳት ሆኖ የገባ ቃል በአፏ ውሃ ሆኖ ይወጣል። የሽያጭና የጥገና ኃላፊዎች ሁለት ዓመት ተኳርፈው በነበረ ጊዜ ድርጅቱ ቀጥ ብሎ የሄደው፣ በእሷ በኩል ስለሚነጋገሩ ነበር።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህትየው ባሏ ከሞተ በኋላ ከመንገዱ ዳር ባለችው ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትተዳደር፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ ሴት ናት። ሃሎዬ ከሥራ ስትመለስ የደዋዮቹን ድምፅ እያስመሰለች የቀኑን ውሎ ሁሉ ትተርክላታለች። እህትየው፣ «አንቺ ልጅ፣ ለአፍሽስ ድርጅቱ ይከፍልሻል፤ ለኔ ጆሮ የሚከፍለው ማነው?» ትላታለች። ነገር ግን አንድ ቀን ሃሎዬ ጉንፋን ይዟት ዝም ብላ ብትገባ፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ ተነስታ ግንባሯን ዳሰሰቻት።

ሳታገባ የቀረችበትንም ነገር ራሷ እየሳቀች ነበር የምታወራው። በወጣትነቷ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት በድምጿ ተይዞ ለወራት ያለጉዳዩ ሲደውል ቆየና አንድ ቀን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ከደረጃው ሥር አጎንብሶ አያት። ከዚያ፣ የዘይት ማጣሪያ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ማጣሪያውን ገዝቶ ሄደ። «ምንም ቢሆን ሽያጭ ጨምሬያለሁ» ትላለች።

ከደንበኞቹ ሁሉ ለልቧ የቀረቡት በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ከሚርቅ ከተማ የሚደውሉት ባለወፍጮ ነበሩ። መጀመሪያ የደወሉት ወፍጮውን የሚያዞር ቺንጋ ፍለጋ ነው። ቺንጋው ተገኘላቸው፤ እሳቸው ግን በየሰኞው ጠዋት ወፍጮውን ከማስነሳታቸው በፊት መደወሉን አልተዉም። «ሃሎ ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ» ይላሉ። ሞተሩ ደህና መሆኑን ይነግሯታል፤ ቀጥለው የሚስታቸውን። የሚስትየው የልብ ሕመም በበረታ ጊዜ ሃሎዬ በስልኩ አብራቸው አለቀሰች፤ ወደ ዋናው ሐኪም ቤት ማዞሪያም ደወለችላቸው፤ ማዞሪያ ላይ ያሉ ሴቶች መልክ ለመልክ ባይተያዩም በድምፅ ይተዋወቃሉ፤ አንዷ ለአንዷ የማታደርገው ነገር የለም። ለወራት የማይገኘው የልብ ሐኪም ቀጠሮ በዘጠኝ ቀን ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሚስትየው ራሳቸው ስልኩን እየነጠቁ ይመርቋት ነበር። እንዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ሃሎዬና ባለወፍጮው አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም።

የድርጅቱ ባለቤት ታመው ሲተኙ ቦታውን ልጃቸው ያዘው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሠራተኛውን ሁሉ ብድግ ብሎ ሰላም የሚል፣ ሃሎዬንም «እትዬ» ብሎ የሚጠራ ትሑት ወጣት ነው። አንድ ወር ሙሉ ስልኩን ሲቆጥር ከረመ። ከዚያ ወደ ክፍሏ ወርዶ፣ በቀን ሦስት መቶ ያህል ሰው እንደሚደውል፣ ከዚህ ውስጥ ወደ ስልሳው እሷ ሌላ ሰው ስታናግር ወይም ምሳ ላይ ስትሆን ሳይሳካለት እንደሚዘጋ ነገራት። እውነቱን ነው፤ እሷም አልካደችም። አሁን የሚመጣው መሣሪያ ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያነሳል፤ ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ የሚፈልገው ክፍል ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ድምፅ።

«እትዬ፣ ደንበኛው የርስዎን ድምፅ ለምዶታል። ሌላ ሰው ብናስገባ ቅር ይለዋል» አላት።

ደስ አላት። ደስታዋን በኋላ ስታስታውሰው ያሳፍራታል፤ ያን ጊዜ ግን የእህቷን ምርጥ ቀሚስ ተውሳ ነበር የሄደችው፣ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ፊት ለመቅረብ። ግድግዳው በብርድ ልብስ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ አናገሯት። «እንኳን በደህና ደወሉ። ለሽያጭ አንድን ይጫኑ። ለጥገና ሁለትን ይጫኑ።» መጨረሻ ላይ የሚቀዳው ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጣት፤ «ይቅርታ፣ አልገባኝም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።» አንብባ ሳቀች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለማንም ሰው እንዲህ ብላ እንደማታውቅ ነገረችው። ልጁም አብሯት ሳቀና፣ እንደዚያው ፈገግ እንዳለች አንድ ጊዜ እንድትደግመው ለመናት። ደገመችው። ድምጿን ድርጅቱ እንደፈለገ እንዲጠቀምበት የሚፈቅድ ወረቀት አቅርበውላት ፈረመች።

ሁለት ወር አልፈጀም። የስንብት ደብዳቤው በጨዋ ቃል የተጻፈ ነበር። የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት፤ ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ራሱ በር ድረስ ሸኛት። እሷም ከአራት መቶ በላይ ቁጥር ከነባለቤቱ ጠባይ በጭንቅላቷ መኖሩን ነግራው፣ ለማን እንደምታስረክብ ጠየቀችው። ቁጥሩ ሁሉ መሣሪያው ውስጥ ስለገባ አያስቡ በሚል ዓይነት ፈገግ አለላት። ያስረከበችው የጆሮ ማዳመጫውን ብቻ ነው።

ሥራ ፍለጋ ሦስት መሥሪያ ቤት ገባች። በአንደኛው ማዞሪያ ከቀረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሁለተኛው የሚፈልገው በጽሑፍ መልእክት ደንበኛ የሚያስተናግድ፣ በደቂቃ ይህን ያህል ቃል የሚጽፍ ሰው ነው። ሦስተኛው ጋ አንዲት ወጣት ሴት እያዘነችላት፣ ዛሬ ሰው ስልክ ሲጮህ እንደሚደነግጥ፣ ሠራተኞቹም ከመነጋገር መጻፍ እንደሚመርጡ አስረዳቻት። ሃሎዬ ይህን ሰምታ አመስግና ወጣች። ለማን ምን ትላለች?

ከሁሉ የባሰው ግን ጤና ጣቢያ ውስጥ የገጠማት ነው። ካርድ ለማውጣት ተሰልፋ ተራዋ ደርሶ ስትናገር፣ ከኋላዋ የነበረ ጎልማሳ ለጓደኛው፣ «ሰማህ? የፓምፕ ድርጅቷ ማሽን!» ብሎ ሳቀ። ወደ እሷ ዞሮም፣ ሞተሩ ተበላሽቶበት አንድ ሳምንት ሙሉ እንዴት እንዳንገላታችው በቀልድ መልክ ነገራት። ክፋት አልነበረበትም። እሷ ግን የመጣችበትን የጉልበት ሕመም ሳትናገር ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ ስትገባ የምትፈልገውን በጣቷ እያሳየች ትገዛ ጀመር። ሥራ ሳገኝ ለባለወፍጮው እደውላለሁ ብላ ያሳደረችውንም ነገር ተወችው።

ከሥራ በወጣች በአምስተኛው ወር የመጋዘኑ ኃላፊ ቤት ድረስ መጣ። ሲቀልድ የኖረው ሰው ያን ዕለት ቀልድ አላመጣም። እህትየው መኪናዋ ላይ ነበረች፤ እሱ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠና ነገሩን ከሥሩ አወራቸው። መሣሪያው፣ ደዋዩ ቁጥር ሳይጫን ከቀረ፣ «አልገባኝም» ይልና መጨረሻ ላይ መልእክት ይቀበላል። መልእክቱ ይጠራቀማል፤ ግን ማን ሊሰማው እንደሚገባ ማንም ለማንም አልነገረም። ሞልቶ መሣሪያውን ሲያስቸግር ጊዜ ባዶ አድርገው ተብሎ ለእሱ ተሰጠው። ከማጥፋቱ በፊት ከፈት ሲያደርግ አንድ ሽማግሌ «ልጄ» ሲሉ ሰማ። ልቡ አልችል ብሎ በስልኩ ቀድቶ አመጣው።

«መስማት ካልፈለግሽ አጠፋዋለሁ» አላት።

«አሰማኝ» አለችው።

አሥራ አንድ መልእክት ነበር። በመጀመሪያው ባለወፍጮው እንደ ሁልጊዜው ሰላምታቸውን አደረሱ፤ ዛሬ እንግዳ የምታደርጋቸው አጠገቧ አለቃ ቆሞ እንደሆነ እንደሚገባቸው፣ ኩሽኔታው ግን መጮህ መጀመሩን ተናገሩ። በሁለተኛው ትንሽ ተቆጡ፤ ያልገባት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቁ። በአራተኛው ይቅርታ ጠየቁ። የሆነ ነገር ተናግረው አስቀይመዋት እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቡ መክረማቸውን፣ ሚስታቸውም ‹በል አንተ ነህ ያስቀየምካት› እያሉ እንደሚወቅሷቸው ነገሯት። በስድስተኛው ሞተሩ ቆሟል፤ ገበያተኛው ማዶ ወደተከፈተው የኤሌክትሪክ ወፍጮ መሄድ ጀምሯል። በሰባተኛው ስለ ሞተር አላነሱም። ሚስታቸው መተንፈስ እንዳቃታቸው፣ ለዚያች ለሐኪም ቤቷ ጓደኛዋ አንድ ቃል እንድትናገርላቸው ለመኑ። በስምንተኛውም ለመኑ። ዘጠነኛው አጭር ነው፤ «አረፈች ልጄ። ትናንት።» ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ስልኩን ሳይዘጉ ቆይተዋል፤ የሰው መግባትና መውጣት ይሰማል።

እህትየው እግሯን ከመኪናዋ ፔዳል ላይ ካነሳች ቆይታለች። አሥረኛው ድምፅ የለበትም። አሥራ አንደኛው ላይ ባለወፍጮው ረጋ ብለው ነበር የሚናገሩት።

«የልጅ ልጄ ነገረችኝ። ማሽን ነሽ አሉ። እኔ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ድሮም ማሽን ነበርሽ ወይ? ያን ጊዜ ሚስቴ ስትታመም ያለቀስሽው... እሱም ማሽን ነበር?»

የመጋዘኑ ኃላፊ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እጇን ጨብጦ ወጣ። ሃሎዬ አላለቀሰችም። የእህቷን ስልክ አንስታ ቁጥሩን ከጭንቅላቷ ደወለች።

ወዲያው ተነሳ። «ሃሎ፣ አባቴ፣ እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው ስልኩን ከአፋቸው አርቀው አጠገባቸው ላለ ሰው ሲናገሩ ሰማች፤ «ያቺ ማሽን ናት። አሁን ደግሞ ራሷ መደወል ጀመረች።» ዘጉት። ደግማ ስትደውል አላነሱም። ሦስተኛ ጊዜም አላነሱም።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። የባለወፍጮውን ቤት የማያውቅ የለም፤ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በሩ በዱቄት የነጣ ትልቅ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሞተሩ ከቦታው ተነቅሏል፤ የቀረው የታሰረባቸው አራት ብሎኖችና ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ነው። ለብረት ለቃሚ ነበር የሸጡት። ሽማግሌው ባዶ ጆንያ አንጥፈው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። በድምፅ ግዙፍ የነበሩት ሰው ቀጭን፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሆነው አገኘቻቸው። ቀርባ ስትናገር ቀና ብለው እሷን ሳይሆን እጇን አዩ፤ ስልክ ይዛ እንደሆነ የሚያጣሩ ይመስል።

ብዙ አስረዳች። ስለ ቀረጻው፣ ስለ ስንብቱ፣ ስለ አሥራ አንዱ መልእክት። እሳቸው ሳያቋርጧት ሰሟት፤ አመኗትም። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነገር ግን የሰኞ ወሬያቸው ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። እሷ «እግዜር ያጥናዎት» አለች፣ እሳቸው «አሜን» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እንደማይተዋወቁ ሰዎች መንገደኛውን ማየት ያዙ።

«እኔ ያን ሁሉ ስናገር ማን ነበር የሚሰማኝ?» አሉ በመጨረሻ።

ልትዋሽ አስባ ነበር። «ማንም፣ አባቴ» አለች።

«እየቆየ እኔም መስሎኝ ነበር። ብቻ ሰው ተስፋ ካደረገ ለግድግዳም ያወራል።» ጆንያውን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «ያቺ ምስኪን ልትሞት ስትል፣ ልጅቷ ደወለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ ደውላለች አልኳት። ሐኪሙ ሐሙስ ይጠብቅሻል ብላለች አልኳት። ረቡዕ ሞተች።»

መናኸሪያው ድረስ ሸኟት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል እጇን ይዘው፣ እሷን እንደማይቀየሙ፣ ጥፋቷም እንዳልሆነ ነገሯት። ቀጥለው ግን፣ «አትደውዪልኝ ልጄ» አሉ። «ድምፅሽ ሲመጣ የሚመጣብኝ ያኛው ነው።»

ከዚያ መልስ ድርጅቱ ሄደች። በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ከሥራ ተነስቷል፤ አሁን ቁልፍ ተጭኖ ስም መናገር ነው። የክፍሏ በር ክፍት ነበር፤ ውስጡን መጥረጊያና ባልዲ ሞልተውታል። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከልቡ እንዳዘነ ያስታውቃል። ለሽማግሌው የይቅርታ ደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ መልእክቱን የሚሰማ ሰው እንደሚመድብ ቃል ገባ። ድምጿን እንዲያወጣላት ስትጠይቀው ግን ተቸገረ። ከመሣሪያው ሻጭ ጋር የተገባው ውል ገና እንዳላለቀ፣ እንደገና ማስቀዳቱም ጊዜ እንደሚፈጅ አስረዳት።

«ደግሞ እትዬ፣ እስከዛሬ አንድም ደንበኛ ቅሬታ አላቀረበም» አላት።

«የት ያቅርብ?» አለችው።

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

ከዓመት በኋላ ድምጿ ከስልኩ ላይ ወጣ። ለእሷ ተብሎ አይደለም፤ ድርጅቱ የስልክ መስመሩን ጨርሶ ዘግቶ ትእዛዝ በጽሑፍ መልእክት ብቻ መቀበል ስለ ጀመረ ነው። ይህን የሰማችው በወሬ ወሬ ነው። ነፃ የወጣች ያህል ይሰማኛል ብላ አስባ ነበር፤ አልተሰማትም። ባለወፍጮው ወደ ልጃቸው ዘንድ መሄዳቸውን ከዚያ በፊት ሰምታለች፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም።

አሁን ከእህቷ ጋር የምትሠራው ቁልፍ መትከልና ጠርዝ መቀምቀም ነው። የዩኒፎርሙ ደንበኞችም እንደ ድሮው በር ላይ ቆመው አይከራከሩም፤ ስልክ ውስጥ ይጽፋሉ። «ሱሪ 4፣ ቁጥር 32።» «ሹራብ ለነገ ይደርሳል?» እህትየው ዓይኗ ስለደከመ መልሱን የምትጽፈው ሃሎዬ ናት። በአውራ ጣቷ ፊደል በፊደል «እሺ» ትላለች። «ይደርሳል» ትላለች። አንዳንድ ቀን አርባ ጊዜ ያህል «እሺ» ትጽፋለች።

እህትየው አሁን፣ «እስቲ አንድ ነገር አውሪኝ» እያለች የምትለምነው እሷ ሆናለች። ሃሎዬ ቀና ትልና ታስባለች፤ የምትነግራት ሰው፣ የምታስመስለው ድምፅ ትፈልጋለች። ከዚያ ስልኩ ብልጭ ይላል፤ ሱሪ ሁለት፣ ቁጥር ሠላሳ። አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።